ልጆቻችን የሚያነቡት የሚያስፈራ መጽሐፍ

(በማኅበራችን አዳራሽ ለአዲስ ገቢ ቤተሰቦች ከተደረገ ንግግር)



ዛሬ እንድናገር የተጠየቅሁት ስለ ልጆችና ስለ ንባብ ነው። ስለ ንባብ ስንል ግን ከእናንተ ብዙዎቹ ደጋግመው የሚያነሡት አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም፣ «ልጄ የጠንቋይና የጭራቅ መጽሐፍ ይዛ ትመጣለች፤ ሌሊት ብርድ ልብስ ውስጥ ገብታ በባትሪ ብርሃን ታነባለች፤ ምን ላድርጋት?» የሚል ነው። ጥያቄው በኦክቶበር መጨረሻ ይበዛል። ምክንያቱ ሃሎዊን የሚባለው በዓል ነው።

ሃሎዊን ኦክቶበር 31 ቀን ይውላል። መነሻው የጥንት የአየርላንድ ሰዎች ክረምት ሲገባ የሙታን መንፈስ ይዞራል ብለው ያምኑበት የነበረው ሌሊት ነው ይባላል፤ ስደተኞች ወደ አሜሪካ ወሰዱት፣ እዚያም ልጆች ጭምብል አጥልቀው በየቤቱ ከረሜላ የሚለምኑበት፣ ዱባ ፈልፍለው መብራት የሚያኖሩበት ቀን ሆነ። የእኛ በዓል አይደለም። እዚህ አገር ልጆች ልብስ ለውጠው የሚጨፍሩት በፑሪም ነው። ሆኖም በስልክና በቴሌቪዥን ስለሚያዩት በዚያ ሰሞን የሚያስፈራ ነገር ያምራቸዋል። ስግድ ሊደርስ ሳምንታት ሲቀሩት ስለሚውል የሚቆጣ አባት አለ፤ ቁጣው ይገባኛል። የበዓሉን ነገር ለየቤታችሁ እተወዋለሁና ስለ መጽሐፉ ልናገር።

እስቲ ወደ ኋላ መለስ በሉ። ማታ እሳት ዳር፣ አንዱ ሽማግሌ «ተረት ተረት» ሲል እኛ «የላም በረት» ስንል ምን ነበር የሚመጣው? ጭራቁ፣ አያ ጅቦ፣ በጫካ የጠፋችው ልጅ። እየፈራን ወደ እናታችን ቀሚስ እንጠጋ ነበር፤ ነገር ግን አንድም ልጅ «ተዉኝ፣ አልሰማም» ብሎ ሲሄድ አላየሁም። መጨረሻ ላይ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ሲባል ጭራቁም አብሮ ያልቃል፣ እኛም እንተኛለን። የልጆቻችሁም መጽሐፍ እንዲሁ ነው፤ ሲከደን ያልቃል። የአሽቀሎን ልጆች የማያልቀውን ፍርሃት በሚገባ ያውቁታል። ከኦክቶበር 7 ቀን 2023 ወዲህ ሳይረን ሲጮኽ ወደ ማማድ ሲሮጡ የኖሩ ናቸው። ያን ማንም በእጁ ሊከድነው አይችልም። በማማድ ውስጥ ተቀምጦ የጭራቅ መጽሐፍ የሚያነብ ልጅ ብታዩ አትደነቁ።

ደግሞም የመጣችሁባት ከተማ ራሷ የሚያስፈራ ታሪክ አላት። አሽቀሎን በመጽሐፍ አስቀሎና የተባለችው ናት። ሶምሶን በሠርጉ እንቆቅልሽ ጠይቆ፣ መልሱ በሚስቱ በኩል ሲወጣበት፣ የተወራረደውን ልብስ ለመክፈል ሠላሳ ሰዎች የገደለው እዚህ ነው፤ በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 14 ታገኙታላችሁ። (የእኛ እንቆቅልሽ ደግነቱ አገር ሰጥቶ ይገላግላል።) ሁለተኛውን ታሪክ ግን አልሰማችሁ ይሆናል፤ በአገር ቤት ኦሪቱን እንጂ ታልሙድን አናውቅም ነበርና።

የኢየሩሳሌም ታልሙድ እንደሚተርከው በአሽቀሎን በአንድ ዋሻ ውስጥ ሰማንያ ጠንቋይ ሴቶች ይኖሩ ነበር። ከ2,000 ዓመት በፊት የነበረው ሊቅ ሽምዖን ቤን ሼታሕ ዝናብ የሚጥልበትን ቀን ጠብቆ ሰማንያ ጎረምሶች አስከትሎ ሄደ። እያንዳንዳቸው ንጹሕ ልብስ በአዲስ ማሰሮ ውስጥ ከተው በራሳቸው ተሸክመዋል። ጎረምሶቹን ደጅ ትቶ ብቻውን ገባ፤ እንዴት ሳይረጥብ እንደ መጣ ሲጠይቁት በጠብታዎቹ መካከል እንደ ሄደ ነገራቸው። ከዚያ እያንዳንዷ ሙያዋን አሳየች፤ አንዷ በድግምት ዳቦ አመጣች፣ አንዷ ወጥ፣ አንዷ ሥጋ፣ አንዷ ወይን ጠጅ። የእሱን ሙያ ሲጠይቁት ቢያፏጭ ሰማንያ ጎረምሶች እንደሚያመጣላቸው ነገራቸው። አፏጨ፤ ጎረምሶቹ ደረቁን ልብስ ለብሰው ገቡ። እያንዳንዱ አንዷን ብድግ ሲያደርጋት፣ እግሯ ከመሬት ሲለቅ ኃይሏ ጠፋ። ሁሉም ተሰቀሉ።

ይህን ስነግራቸው ልጆቼ ትንፋሻቸውን ይዘው ነው የሰሙት፤ ዋሻው የት እንደሆነ ካላሳየኸን ብለው ሳምንት ሙሉ አስቸግረውኛል። የታሪኩን ጅራት የነገርኋቸው ግን ቆይቼ ነው። ራሺ እንደሚጽፈው፣ የተሰቀሉት ሴቶች ዘመዶች ቂም ይዘው በሽምዖን ልጅ ላይ በሐሰት መሰከሩበት፣ ሞትም ተፈረደበት። ሊገደል ሲወሰድ ምስክሮቹ መዋሸታቸውን ተናገሩ፤ ፍርዱ ግን አልተመለሰም፣ ልጁ ተገደለ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልግባ። ከእናንተ አንዳንዶቹ ይህን መጽሐፍ የሚጠሉት ስለሚያስፈራ ብቻ አይደለም። እኛ ራሳችን የሰው ተረት ሆነን የኖርን ሕዝብ ነን። በጎንደር ብረት ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ «ቡዳ ናቸው፣ ሌሊት ጅብ ሆነው መቃብር ይቆፍራሉ» ይባሉ ነበር። እሳት ዳር ቢቀር ተረት ነበር። የሰው ልጅ ሲታመም ግን ያ ተረት ዱላ ይዞ ወደ ቤታችን ይመጣ ነበር።

እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች። አንድ ጊዜ በገበያ ጀበና የገዛቻት ሴት ልጅ ታመመና «በልታዋለች» ተባለ፤ እናቴ ያልተሸጠውን ዕቃ ጥላ በሌሊት ሸሸች። ይህን ከእኔ በቀር ለማንም አልተናገረችም።

ልጄ ኪታ ቫቭ ሳለች ከሲፍሪያው ሃሪ ፖተርን ተዋሰች፤ ሦስተኛውን፣ የአዝካባን እስረኛ የሚባለውን። በእንግሊዝኛ በ1999 የወጣ ነው። በውስጡ ሰው ወደ ተኩላ የሚለወጥበት ነገር እንዳለ ለአያቷ ነገረቻት። እናቴ ምንም ሳትናገር መጽሐፉን ከጠረጴዛው አነሣችና ከበር ውጭ አኖረችው። ልጄ አለቀሰች። እኔ ከሁለቱ መካከል ቆምኩ፤ እናቴን እንዳላስቀይም ፈራሁ፣ ልጄም በዕብራይስጥ የመጀመሪያውን ወፍራም መጽሐፍ ጀምራ ነበር።

ያን ዕለት ያደረግሁትን ለእናንተም እመክራለሁ። መጽሐፉን አልከለከልሁም፣ እናቴንም አልገሠጽሁም። ልጄን «ያነበብሽውን በየማታው ለአያትሽ በአማርኛ ንገሪያት» አልኋት። እናንተ ዕብራይስጡን ማንበብ ባትችሉም ልጁ ይተርክላችኋል፤ አማርኛው እንዳይጠፋም ይረዳዋል። ሕፃን ልጅ ሌሊት እየባነነ የሚያለቅስ ከሆነ መጽሐፉ ይቆየው፣ በዕድሜው ይደርስበታል። ከዚህ ሌላ ብዙ ደንብ አያስፈልግም።

ልጄ መተረክ ጀመረች። ተኩላ የሚሆነው ሰው ሉፒን ይባላል፤ አስተማሪ ነው፣ ተማሪዎቹ ይወዱታል። ልጅ ሳለ ተነክሶ ነው እንዲህ የሆነው። ማንንም እንዳይጎዳ በየወሩ መድኃኒት ይጠጣል።

«ሲያውቁበትስ?» አለች እናቴ።

«ሲያውቁበት ሥራውን ለቅቆ ሄደ። ወላጆች ልጆቻችንን እንዲህ ያለ ሰው አያስተምርብንም ማለታቸው አይቀርም ብሎ፣ ደብዳቤያቸው ሳይደርስ ቀደማቸው።»

እናቴ ብዙ ዝም አለች። ከዚያ «እሱስ ሆኖ ነው። እኛ ሳንሆን ነው» አለች፤ የገበያውንም ነገር፣ የጣለቻቸውን ጀበናዎች ጭምር፣ ለልጄ ነገረቻት። ልጄ እስከዚያ ቀን አያቷ ሸክላ ትሠራ እንደነበረ እንኳ አታውቅም ነበር።

መጽሐፉን ለመመለስ ዘገየን፣ ተግሣጽም ሰማን። በዚያው ሳምንት አራተኛውን ስታመጣ ግን በሩን የከፈተችላት እናቴ ነበረች፤ ገና ቦርሳዋን ሳታወርድ «ያ መምህር ሥራ አገኘ?» ብላ ጠየቀቻት።