መኪናው ሲደርስ እህሉ ይደርሳል፤ የመስክ ፒክአፕን ወደ ወጥ የፊት አክስል ስለ መለወጥ
ለትራንስፖርት ኃላፊዎችና ለመስክ ሠራተኞች የቀረበ ንግግር



የእርዳታ እህል ከወደብ ተነሥቶ እስከ ማከፋፈያ ጣቢያ የሚጓዘው በከባድ የጭነት መኪና መሆኑ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ በድርቅ የተጎዳው ገበሬና አርብቶ አደር በአብዛኛው የሚገኘው ከባዱ መኪና ከሚቆምበት ባሻገር ነው። በ1977 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ ረሀብ በደረሰ ጊዜ ከየገጠሩ የወጣው ሕዝብ የመኪና መንገድ በሚያልፍባቸው እንደ ቆረም ባሉ ከተሞች ዳር መስፈሩ፣ እህልና መንገድ የማይነጣጠሉ መሆናቸውን በግልጽ አሳይቷል። ሰው ቤቱን ጥሎ ወደ እህሉ ከሚሰደድ እህሉ ወደ ሰው እንዲሄድ ከተፈለገ፣ የመጨረሻዎቹን ጥቂት ኪሎ ሜትሮች የሚሸፍነው በአራቱም ጎማ የሚነዳ ፒክአፕ ነው። ስለዚህ የዚህ መኪና የፊት አክስል ጉዳይ ለጋራዥ ሠራተኛ ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም።

የፒክአፕ የፊት ጎማዎች ከቻንሲው ጋር የሚያያዙት በሁለት ዓይነት ዘዴ ነው። አንደኛው ሁለቱን ጎማዎች በአንድ ጠንካራ የብረት አካል አገናኝቶ፣ ዲፈረንሻሉን በውስጡ ይዞ፣ በባሌስትራ ወይም በሞላ ሥር የሚቀመጠው ወጥ አክስል ነው። ሁለተኛው እያንዳንዱ ጎማ በየራሱ ክንድ ለብቻው ከፍና ዝቅ የሚልበት፣ ዲፈረንሻሉ ግን ከቻንሲው ጋር የታሰረበት ነው።

ሁለተኛው ዘዴ በአስፋልትና በደኅና የጠጠር መንገድ ላይ ይመረጣል። የአንዱ ጎማ ንረት ወደ ሌላው እምብዛም አይተላለፍም፤ መሪው ይረጋል፤ ተሳፋሪውም አይንገላታም። ነገር ግን መኪናው ተጭኖ ቻንሲው ወደ ታች በተጫነ ቁጥር ዲፈረንሻሉም አብሮ ወደ መሬት ይቀርባል። ጎማውን የሚያዞሩት ዘንጎች መታጠፊያዎች በጎማ ሽፋን የተጠበቁ በመሆናቸው፣ ሽፋኑ በእሾህ ወይም በድንጋይ ከተቀደደ አቧራና ጭቃ ገብቶ መታጠፊያውን በጥቂት ጊዜ ይበላዋል። በወጥ አክስል ግን ጎማው ድንጋይ ላይ ሲወጣ አክስሉም አብሮት ይነሣል። ከዲፈረንሻሉ በታች ያለው ክፍተት የሚወሰነው በጎማው ቁመት ስለሆነ፣ ጭነት ቢጨመርም ብዙ አይለወጥም።

የአሠራሩ ታሪክም ይህንኑ የሚያስረዳ ነው። ቶዮታ ሃይሉክስ በአራቱም ጎማ እንዲነዳ ሆኖ ከቀረበበት ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ ወጥ የፊት አክስል በባሌስትራ ላይ ነበረው። ለአሜሪካ ገበያ የሚቀርበው ከ1986 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ጀምሮ ወደ ሁለተኛው ዘዴ ተለወጠ። በካሊፎርኒያው የሩቢኮን መንገድና በዩታ ሞአብ አካባቢ በሚገኙ ዓለታማ መንገዶች መንዳት የሚወዱ አሜሪካውያን ግን በለውጡ ሁሉም አልተደሰቱም። ከ1979 እስከ 1985 ከተሠሩት ፒክአፖች የተነቀለውን አክስል በአዲሶቹ ላይ መግጠም የተለመደ ሥራ ሆነ። ዛሬም ብዙ ሰው በቤቱ ጋራዥ የሚሠራው ለውጥ ነው።

ሥራው በአጭሩ ሲገለጽ የሚከተለውን ይመስላል። በመጀመሪያ የቀድሞዎቹ ክንዶች፣ ዲፈረንሻሉና መያዣዎቻቸው ይነሣሉ፤ ከቻንሲው ጋር የተበየዱት ክፍሎች ተቆርጠው ቦታው ይስተካከላል። ቀጥሎ የባሌስትራው መያዣዎች ከግራና ከቀኝ እኩል ተለክተው ይበየዳሉ። ከዚያም አክስሉ ይገጠማል፤ የመሪው ሳጥን ቦታ ይለወጣል፤ አሞርዛተሩ አዲስ መያዣ ይሠራለታል፤ ወደ ፊት ዲፈረንሻል የሚሄደው ዘንግ እንደ አዲሱ ርቀት ይለካል፤ የፍሬን ጎማ ቱቦዎችም አክስሉ ሙሉ በሙሉ ሲወርድ እንዳይወጠሩ በረዘሙት ይተካሉ።

እዚህ ላይ ሕይወት የሚያስከፍሉ ስሕተቶች አሉ። አንደኛው የብየዳው ጉዳይ ነው። የፊት ጎማዎችንና መሪውን የሚሸከመው መያዣ በደካማ ብየዳ ከተያዘ፣ የሚላቀቀው መኪናው ቁልቁለት ላይ ሳለ ወይም ተሳፋሪ በጫነበት ሰዓት ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው የአክስሉ አቀማመጥ ነው። ጎማው የሚዞርበት ምሰሶ ራሱ በትክክለኛው መጠን ወደ ኋላ ካላዘነበለ መሪው ከመታጠፊያ በኋላ ወደ ቦታው አይመለስም፤ በፍጥነት ጊዜም የፊት ጎማዎች በኃይል ይንቀጠቀጣሉ። ሦስተኛው የዲፈረንሻሎቹ መጣጣም ነው። የኋላው ትልቅ ጥርስ 41፣ ትንሹ 10 ከሆነ ብዜቱ 4.10 ይሆናል፤ የፊቱ 43 በ10 ከሆነ 4.30 ነው። እነዚህ ሁለቱ በአንድ መኪና ላይ ሲገጠሙ በደረቅ መሬት እርስ በርሳቸው እየተጎተቱ ጥርስ ይሰብራሉ። ስለዚህ የጥርሶቹ ቁጥር ሳይታይ አክስል መግዛት አይገባም። አራተኛው የመኪናው ከፍታ ነው። ለውጡ መኪናውን ከፍ ስለሚያደርገው፣ ጆንያና ሰው በላዩ ሲጫን በጎን ተዳፋት ላይ የመገልበጥ አደጋው ይጨምራል።

ታዲያ ለእርዳታ ሥራ የሚውል መኪና ይለወጥ ወይስ አይለወጥ? ለመዝናኛ የሚነዳ አሜሪካዊ መኪናው ዓለት ላይ ቢሰበር የሚጎዳው እርሱ ብቻ ነው። የማከፋፈያ ጣቢያ መኪና ሲሰበር ግን የሚጎዳው ተሰልፎ የሚጠብቅ ሕዝብ ነው። በተጨማሪም የተለወጠ መኪና ከፋብሪካው መጽሐፍ ውጭ ይሆናል። ሹፌሩና መካኒኩ ወደ ሌላ ጣቢያ ሲዛወሩ፣ የሚተካው ሰው የትኛው ዕቃ ከየትኛው ሞዴል እንደ መጣ አያውቅም።

ስለዚህ የሚሻለው ምርጫውን በግዥ ጊዜ መጨረስ ነው። ከ1984 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተሠራው የላንድ ክሩዘር 70 ተከታታይ ከፋብሪካው ወጥ የፊት አክስል ይዞ ይወጣል፤ በ1999 (እ.ኤ.አ.) የፊቱ ባሌስትራ በሞላ ቢተካም አክስሉ እስከ ዛሬ አልተለወጠም። መንገዱ ዓለታማ ለሆነበት ጣቢያ እንዲህ ያለውን መመደብ፣ ሃይሉክሱን ደግሞ ለጠጠር መንገድ ማዋል ከብየዳ ይቀድማል። መለወጥ ግዴታ ከሆነ ግን ሥራው ብቃቱ በተረጋገጠ ጋራዥ ይሠራ፤ የተገጠመው ዕቃ ሁሉ ሞዴሉና ቁጥሩ ተጽፎ በመኪናው መዝገብ ይያዝ፤ ለተሽከርካሪ መርማሪው ይገለጽ፤ ጭነት ከመጫኑ በፊትም ባዶውን ተፈትኖ ቡሎኖቹ ዳግመኛ ይጥበቁ።

ወጥ አክስልም ቢሆን ጥገና ይፈልጋል። በጎማው አንጓ ዙሪያ ግራሶና ዘይት ተቀላቅሎ ሲፈስ ከታየ የውስጡ ማኅተም አልቋል ማለት ነው። የፊት ጎማ በክሪክ ተነሥቶ ከላይና ከታች ተይዞ ሲነቃነቅ ከተላወሰ ኩሽኔታው ይታይ። ወንዝ ከተሻገሩ በኋላ የዲፈረንሻሉ ዘይት እንደ ወተት ከነጣ ውኃ ገብቶበታልና ሳይውል ሳያድር ይቀየር።

ለማጠቃለል ያህል፣ የመኪና ጥንካሬ የሚመዘነው በቁመቱ ወይም በጎማው ግዝፈት ሳይሆን ተጭኖ ሄዶ በሰላም በመመለሱ ነው። የዛሬው ጉዞ እህሉን አድርሶ መኪናውን ገደል ውስጥ ካስቀረ፣ የሚቀጥለው ወር ራሽን ሳይደርስ ይቀራል። የትራንስፖርት ኃላፊ መኪና ሲመድብ፣ ሲገዛም ሆነ ለማስለወጥ ሲፈርም፣ በመንገዱ መጨረሻ ቆሞ የሚጠብቀውን ችግረኛ ሊያስብ ይገባል።