የእርዳታ ጥያቄና የአኃዙ ማስረጃ



ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ለጋሽ የሚያገኘው ችግሩ ስለ ከፋ ብቻ አይደለም። የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በመጋቢት ወር 1976 ዓ.ም. ከአምስት ሚሊዮን በላይ ሕዝብ በድርቅ መጎዳቱን ገልጾ 450,000 ቶን እህል ጠይቆ ነበር። ይህ አኃዝ ከተገመተው ፍላጎት ግማሽ ያህሉ ሲሆን፣ የተቀነሰበት ምክንያት ወደቡና መጓጓዣው ከዚህ በላይ አይችልም መባሉ ነው። ለጋሾች ግን ይህንንም ተጠራጠሩት። ጥያቄው በሰፊው የተሰማው በጥቅምት 1977 ዓ.ም. የኮረም ረሃብተኞች በቴሌቪዥን ከታዩ በኋላ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ስንቱ አልቋል!

ስለዚህ ማመልከቻ የሚያዘጋጅ ድርጅት ተረጂዎቹን በየቀበሌው ቆጥሮ፣ ማን እንደ ቆጠረና በየትኛው ወር እንደ ተቆጠረ ይግለጽ። ጠቅላላውን ፍላጎትና ድርጅቱ ራሱ ማድረስ የሚችለውን መጠን ለየብቻ ያስፍር፤ ሁለቱ ሲደባለቁ ጥርጣሬ ይገባል። ለጋሹንም አስቀድሞ ይወቅ፤ ውኃ ጉድጓድ ለሚያስቆፍር ድርጅት የዘር እህል ጥያቄ ማቅረብ ከንቱ ድካም ነው። የበልጉ ዝናብ መቅረቱ በሚያዝያ ከታወቀ ማመልከቻው መኸሩን መጠበቅ የለበትም።

በጀትን በሚመለከት፣ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ደንግጓል። ሆኖም ወጪ ላለማብዛት በመስጋት የጭነት ሂሳብ ሳይጻፍ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ እህሉ ተፈቅዶ የመኪና ኪራይ በመታጣቱ ከመጋዘን ሳይወጣ ይከርማል።