ሕጉ አርብ ገበያ ይድረስ
(የታች ጋይንት ተወላጅ ተማሪዎች በኅብረቱ ስብሰባ ላይ ያሰሙት ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው የአንዲት ኢትዮጵያዊት የሕግ ሰው፣ የወይዘሮ መዓዛ አሸናፊን የሥራ ዘመን ለማስታወስ ነው። ይህን የምናደርገው ለውዳሴ ብቻ አይደለም። እሳቸው ከጀመሩት ሥራ ለእኛ የተረፈ ድርሻ ስላለ ነው።

ወይዘሮ መዓዛ አሶሳ ተወልደው፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምረው፣ በከፍተኛው ፍርድ ቤት በዳኝነት አገልግለዋል። ሕገ መንግሥቱ ሲረቀቅም በኮሚሽኑ የሕግ አማካሪ ነበሩ። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1995 ከሙያ ጓደኞቻቸው ጋር የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን አቋቋሙ። ማኅበሩ ጠበቃ ማቆም ለማትችል ሴት ያለ ዋጋ ይከራከር ጀመር።

በ1996 አርሲ ውስጥ አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ተጠለፈች፤ ተደፈረችም። ለማምለጥ ስትሞክር ጠላፊዋን በጥይት ገደለችው፤ በነፍስ ግድያም ተከሰሰች። ማኅበሩ ጥብቅና ቆመላት። ፍርድ ቤቱም ያደረገችው ራሷን ለመከላከል ነው ሲል በነፃ አሰናበታት። ቀዬዋን ለቅቃ መሄድ ግን አልቀረላትም።

እንግዲህ ወይዘሮ መዓዛና ጓደኞቻቸው አንዲት ልጅ ነፃ ወጣች ብለው አላረፉም። ልጅቷን ለዚያ ያበቃትን ሕግ መረመሩ። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ክሱ እንዲቀር ይፈቅድ ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የሴት ልጅን የጋብቻ ዕድሜ 15 አድርጎ፣ ባልን የቤተሰቡ አለቃ ብሎ ነበር። ማኅበሩ ከሌሎች ጋር ሆኖ ይህ እንዲለወጥ ተሟገተ። በአዋጅ ቁጥር 213/1992 የጋብቻ ዕድሜ ለወንድም ለሴትም 18 ሆነ። የአማራ ክልልም በአዋጅ ቁጥር 79/1995 የራሱን የቤተሰብ ሕግ አወጣ። በ1997 ዓ.ም. የጸናው የወንጀል ሕግ የጠላፊውን ማምለጫ ዘጋ።

መንገዱ አልጋ በአልጋ አልነበረም። በፈረንጆች 2001 የፍትሕ ሚኒስቴር ማኅበሩን ለጊዜው አግዶት ነበር። ቀጥሎም አዋጅ ቁጥር 621/2001፣ ከገቢው ከመቶ 10 በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በመብት ጉዳይ እንዳይሠራ ከለከለ፤ የማኅበሩም አቅም ተዳከመ። አዋጁ የተሻረው በ2011 ነው። በዚያው ዓመት ጥቅምት 22 ቀን ወይዘሮ መዓዛ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ተሾሙ፤ በዚህ ሥልጣን የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። በጥር 2015 ሥራቸውን ለቀቁ።

አሁን ወደ አርብ ገበያ እንመለስ። ሕጉ ከወጣ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ሆኖም በአገራችን ገጠር ዛሬም ልጃገረዶች ሳይደርሱ ይዳራሉ። ሠርጉ ማኅበር ወይም ሌላ ድግስ ተብሎ የሚሸፈንበት ጊዜ አለ። ወላጆች ክፉዎች ስለሆኑ አይደለም። «ልጄ ቆማ ትቀርብኛለች፤ ክብሯ ሳይነካ ልዳራት» ብለው ይፈራሉ፤ ከደህና ቤት መዛመድም ይሻሉ። ይህን ፍርሃት የምናውቀው ከቤታችን ነው። ነገር ግን ፍርሃቱ የወላጅ ሆኖ ሳለ ዋጋውን የምትከፍለው ልጅቷ መሆኗ ፍትሕ ነውን?

ስለዚህ ለክረምት ወደየአገራችን ስንገባ ሦስት ነገር እንድናደርግ እናሳስባለን።

አንደኛ፣ ሕጉን በአማርኛችን እንንገር። ያለ ዕድሜ የተፈጸመ ጋብቻ ይፈርስ ዘንድ ዐቃቤ ሕግ ወይም ጉዳዩ ያገባኛል የሚል ሰው ለፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል። ልጅቷ 13 ዓመት ከሞላት እስከ 3 ዓመት፣ ካልሞላት እስከ 7 ዓመት ያሳስራል።

ሁለተኛ፣ ዕድሜዋን እናስመዝግብ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 መጨረሻ ስለሆነ ከዚያ በፊት የተወለዱት ብዙዎቹ የልደት ወረቀት የላቸውም። «18 ሞልቷታል» የሚለው ቃል ብቻ እንዳይበቃ የትምህርት ቤት መዝገብ ይፈለግ።

ሦስተኛ፣ ሽማግሌዎችንና ካህናትን አክብረን እናማክር። የሚሰሙት ከከተማ የመጣ ተቆጪን ሳይሆን ተቀምጦ የሚያወጋቸውን ልጃቸውን ነው።

ወይዘሮ መዓዛ ከአንዲት ልጅ ተነሥተው እስከ አገር ሕግ ደረሱ። የእኛ ተራ ከአገር ሕግ ተነሥቶ እስከ አንዲት ልጅ መድረስ ነው።