ዘይት የማይቀየርለት መኪና

አዘጋጆቹ «ከጀርመን ስለ ሥራሽ ትንሽ አውሪን» ሲሉኝ ስለ ደም ግፊት የምናገር መስሏቸው ይሆናል። የማወራው ግን ስለ መኪና ነው። የቤተሰብ ሐኪም ሆኜ የምሠራው ከቮልፍስቡርግ ብዙ በማይርቅ ከተማ ስለሆነ፣ ደም ግፊቱም እንቅልፍ ማጣቱም ከመኪናው ጋር ነው የሚመጣልኝ።

ቮልስዋገን እዚያ አባት ልጁን የሚያስገባበት ቤት ነበር። ከ1994 ጀምሮ (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው) ለሠራተኛው የሥራ ዋስትና የሚሰጥ ስምምነት ነበረው። በሴፕቴምበር 2024 ኩባንያው ይህን ስምምነት አፈረሰ። በዲሴምበር ከማኅበሩ ጋር በአዲስ ውል ታረቁ፤ ማንም በግድ አይባረርም፣ ግን እስከ 2030 ከ35,000 በላይ የሥራ ቦታ ይቀነሳል።

ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ትልቁ ግን ቻይና ነው። ቮልስዋገን ግሩፕ በ2019 እዚያ ከ4 ሚሊዮን በላይ መኪና ሸጦ ነበር፤ በ2024 ከ3 ሚሊዮን በታች ወረደ። ባትሪውን ሳይቀር ራሱ የሚሠራው ቢዋይዲ ገበያውን ወሰደበት፣ አሁን ደግሞ አውሮፓ ድረስ መጥቷል። የአውሮፓ ኅብረት በቻይና መኪኖች ላይ ቀረጥ ሲጨምር የጀርመን አምራቾች ራሳቸው ተቃወሙ። ቻይና ውስጥ ፋብሪካም ደንበኛም አላቸዋ!

ስለ ፋብሪካው ጋዜጣው በየቀኑ ይጽፋል። እኔን የሚያሳስበኝ ሻጭ ቤቱና ጋራዡ ነው። መኪና ሻጭ የሚኖረው በሽያጩ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እንጀራው ያለው ከኋላ፣ ጋራዡ ውስጥ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ግን የሞተር ዘይት የለውም፣ ካንዴላ የለውም፣ ፍሪሲዮን የለውም፣ ማርሚታ የለውም። ሞተሩ ራሱ ስለሚይዝለት የፍሬን ሸራው እንኳ ቶሎ አያልቅም። ጎማ ብቻ ቀረ! ይህ አልበቃ ብሎ፣ ተከራይቶ ከሦስት ዓመት በኋላ የሚመለሰውን መኪና በስንት እንደሚረከብ ነጋዴው ብዙ ጊዜ አስቀድሞ ፈርሟል። በመሀል ቴስላ የአዲሱን ዋጋ ሲቆርጥ ያገለገለውም አብሮ ወረደ፤ ኪሳራውን የሚሸከመው ሻጩ ነው።

ከ30 ዓመት በላይ መካኒክ የነበረ ታካሚዬ «ዶክተር፣ ጆሮዬን ሞተር ላይ ጥዬ ችግሩን አውቅ ነበር፤ አሁን የሚሰማ ነገር የለም» አለኝ። የእረፍት ወረቀት መጻፍ እችላለሁ፤ ለዚህ ግን መድኃኒት የለኝም። ሥልጠና አለ ይባላል፣ እውነት ነው፣ አለ። ሃምሳ ዓመት ላለፈው ሰው ግን ከጎኑ ከሚቀመጠው ወጣት ጋር እኩል አይደለም።

ትናንት ከቦሌ ስመጣ ያየኋቸው የቮልስዋገን መኪኖች ገረሙኝ። ኢትዮጵያ በ2024 የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለች ወዲህ የመጡ ይመስለኛል። አይዲ 6 የሚባለው ትልቁ፣ ምልክቱ የጀርመን ቢሆንም የሚሠራው ቻይና ብቻ ነው፤ የእኛ ሰፈር ሻጭ ቤት ሄዳችሁ ብትጠይቁ አታገኙትም። ከእሱ ሽያጭ ያ ሻጭ ሰባራ ሳንቲም አይደርሰውም።

ከመካከላችሁ የምትነዱት አላችሁ አይደል? ሲበላሽ የት ነው የምታሠሩት? በቡና ሰዓት ንገሩኝ፤ መካኒኩ ስመለስ መጠየቁ አይቀርም።