እጅ ከመዘርጋቱ በፊት
ስለ ነርስ ረዳትነት ሙያ የተደረገ ንግግር





ዛሬ የምናገረው በአሜሪካ ሲ.ኤን.ኤ. እየተባለ ስለሚጠራው፣ የምስክር ወረቀት ስላለው የነርስ ረዳት ሙያ ነው። በዋሽንግተን ዲሲ፣ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ በሚኖረው ወገናችን ዘንድ ይህ ስም እንግዳ አይደለም። አዲስ የመጣ ሰው «ምን ብሠራ ይሻለኛል?» ብሎ ሲጠይቅ ከሚያገኛቸው መልሶች አንዱ ይኸው ነው፤ ትምህርቱ በሳምንታት ያልቃል፣ ሥራውም አይጠፋም ይባላል። ይህ ከእውነት የራቀ አይደለም። ይሁን እንጂ ሙያውን እንደ አጭር ኮርስ ብቻ ቆጥሮ የሚገባበት ሰው በሁለት መንገድ ይጎዳል። አንደኛ፣ መብቱን ሳያውቅ የማይገባውን ገንዘብ ሊከፍል ይችላል። ሁለተኛ፣ የሥራውን ፍሬ ነገር ሳይረዳ የሰው ገላ ይነካል።

ፍሬ ነገሩን ለመረዳት ሕጉ ከየት እንደመጣ ማወቅ ይጠቅማል። ቀደም ባለው ዘመን በአሜሪካ አረጋውያን በሚጦሩባቸው ነርሲንግ ሆሞች የሚሠሩ ረዳቶች በአገር አቀፍ ደረጃ የተደነገገ ሥልጠና አልነበራቸውም። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣ አንድ ታላቅ ጥናት በእነዚህ ተቋማት የሚሰጠው እንክብካቤ በብዙ ቦታ ጉድለት እንዳለበት አሳየ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1987፣ የፌዴራሉ መንግሥት ሕግ አወጣ። በዚህም መሠረት በነርሲንግ ሆም የሚሠራ ረዳት ቢያንስ 75 ሰዓት መሠልጠን፣ ፈተና ማለፍና በስቴቱ መዝገብ ላይ መመዝገብ አለበት። 75 ሰዓት ዝቅተኛው መጠን ነው፤ ከዚያ በላይ የሚጠይቁ ስቴቶች አሉ፤ ለምሳሌ ካሊፎርኒያ 160 ሰዓት ትጠይቃለች።

ውድ ወገኖቼ፣ በዚህ ሕግ ውስጥ ልብ ልንለው የሚገባ አንድ አንቀጽ አለ። ሠልጣኙ ማንንም ታካሚ ከመንካቱ በፊት ቢያንስ 16 ሰዓት ትምህርት መውሰድ አለበት ይላል። በነዚህ ሰዓታት የሚማራቸው ጉዳዮች አምስት ናቸው፤ ከሰው ጋር መግባባት፣ የበሽታ መተላለፍን መከላከል፣ የአደጋ ጥንቃቄ፣ ታካሚው ራሱን ችሎ እንዲኖር ማበረታታት፣ እንዲሁም የታካሚውን መብት ማክበር። እንግዲህ አስተውሉ፤ ማጠብና ማልበስ፣ ማንሳትና ማስቀመጥ በዚህ ዝርዝር ውስጥ የሉም። ሕጉ እጅ ከመዘርጋቱ በፊት ሰውየውን ማክበር ይቅደም እያለ ነው። የሙያው ቁም ነገር ያለውም እዚህ ላይ ነው።

ይህ በዕለት ሥራ እንዴት እንደሚገለጥ ጥቂት ምሳሌ ላንሳ። ረዳቱ በር ሳያንኳኳ አይገባም። ገላ ሲያጥብ መጋረጃውን ይዘጋል፤ የሚታጠበውን ክፍል ብቻ ገልጦ ሌላውን ይሸፍናል። በስትሮክ አንድ ጎኑ የደከመ ሰው ሲለብስ በደከመው እጅ ይጀመራል፤ ሲያወልቅ ግን በደህናው እጅ ይጀመራል። አዛውንቷ ማንኪያውን ራሷ መያዝ ከቻለች፣ ጊዜ ቢወስድም እንኳ፣ ማንኪያው ከእጇ አይወሰድም። የባህላችን ርኅራኄ «እኔ ላጉርስዎት እማማ» ያሰኘናል፤ በዚህ ሙያ ግን ያላትን አቅም መጠበቅ ከማጉረስ የበለጠ እርዳታ ነው። ያልተሠራበት እጅ ይደክማልና።

ረዳቱ ከማንም በላይ ታካሚውን የሚያየው ሰው መሆኑም መረሳት የለበትም። ከአልጋ መነሳት የማይችለውን ሰው በየሁለት ሰዓቱ ገደማ ማገላበጥ የተለመደ ሥርዓት የሆነው የአልጋ ቁስልን ለመከላከል ነው። በተረከዝ ወይም በዳሌ ላይ የታየ ቅላት፣ ያልተበላ ምሳ፣ ድንገተኛ ግራ መጋባት፣ እነዚህ ሁሉ ሳይዘገዩ ለነርሷ መነገር አለባቸው። በሽታውን መመርመር የረዳቱ ሥራ አይደለም፤ አይቶ ዝም ማለት ግን ሰው ሊጎዳ ይችላል።

አሁን ስለ መብታችሁ ልናገር። በሜዲኬር ወይም በሜዲኬይድ የሚሠራ ነርሲንግ ሆም ቀጥሮት ወይም እንደሚቀጥረው ቃል ሰጥቶት ሥልጠና የጀመረ ሰው ለትምህርቱም ሆነ ለመጽሐፉ ገንዘብ ሊጠየቅ አይገባም። በራሱ ወጪ ተምሮ ከጨረሰ በኋላ ባሉት 12 ወራት ውስጥ በእንዲህ ያለ ተቋም የተቀጠረም ቢሆን፣ በሥራ በቆየበት ጊዜ መጠን ወጪው እንዲመለስለት ሕጉ ያዛል። ስለሆነም ለትምህርት ቤት ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት በአካባቢያችሁ ያሉ ነርሲንግ ሆሞችን ጠይቁ። ደረሰኛችሁንም አትጣሉ።

ፈተናው ሁለት ክፍል አለው፤ አንዱ የዕውቀት ጥያቄ፣ ሌላው በፈታኝ ፊት የሚደረግ የተግባር ሥራ ነው። የዕውቀቱን ክፍል በጽሑፍ ወይም በቃል መፈተን በተፈታኙ ምርጫ ነው። በተግባሩ ክፍል ብዙዎችን የሚጥላቸው ከባዱ ነገር ሳይሆን የተናቀው ነው፤ እጅን በሚገባ አለመታጠብ፣ የተሽከርካሪ ወንበሩን ፍሬን አለመቆለፍ፣ የጥሪውን ደወል ታካሚው ሊደርስበት በማይችልበት ቦታ መተው። በየዕለቱ ቤታችሁ ውስጥ ተለማመዱ።

ከተመዘገባችሁ በኋላ ደግሞ አንድ ነገር ያዙ። በተከታታይ 24 ወራት ውስጥ በክፍያ ምንም የነርስነት ነክ አገልግሎት ያልሰጠ ሰው እንደገና ሠልጥኖ መፈተን ወይም ፈተናውን ብቻ እንደገና መውሰድ ይኖርበታል። አገር ቤት ለረዥም ጊዜ ለመሄድ የምታስቡ ይህን አስቀድማችሁ አስሉ። በታካሚ ላይ የተፈጸመ በደል ወይም የንብረት ስርቆት በሕግ ሲረጋገጥም በዚያው መዝገብ ላይ ይሰፍራል።

ሥራው ቀላል ነው ብዬ አላታልላችሁም። ወገብ ይጎዳል። ስለዚህ በታካሚው ወገብ የሚታሰረውን ቀበቶና የማንሻ መሣሪያውን ተጠቀሙ፤ ሁለት ሰው የሚያስፈልገውን ሸክም ብቻችሁን አታንሱ። ደመወዙም ከልፋቱ ጋር ሲነጻጸር ከፍተኛ አይደለም። አገር ቤት መምህር ወይም መሐንዲስ የነበረ ሰው «ወደዚህ ወረድኩ» ብሎ ሊያዝን ይችላል። ቀን እስኪያልፍ ያለፋል ይላሉ አባቶቻችን። ሆኖም ይህን ሙያ ማለፊያ ብቻ አድርጎ ማየት ተገቢ አይመስለኝም። ከዚህ ተነስተው በትምህርት ነርስ የሆኑ ብዙ ናቸው። እዚያው የቆዩትም ቢሆኑ ከደመወዛቸው ቀንሰው አገር ቤት ያለ ወንድም ወይም ወላጅ ያጣ ሕጻን ያስተምራሉ፤ ሥራቸውም የሚከበር ሥራ ነው።

በመጨረሻም፣ ይህን መንገድ የምትመርጡ ሁሉ መብታችሁን አውቃችሁ፣ ወገባችሁን ጠብቃችሁ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በአልጋው ላይ ያለው ሰው ትናንት ቤት ያስተዳደረ፣ ልጅ ያሳደገ ሰው መሆኑን እያስታወሳችሁ ግቡ።