በክረምት ወራት ስለ ድንኳን አተካከል
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተሰጠ ንግግር)



 የምንናገረው ስለ ገንዘብ አይደለም፤ የሒሳቡ ነገር ተነቦላችኋል። የምንናገረው ስለ ድንኳናችን ነው። ይኸውም ክረምት ገብቶ ነፋስና ዝናብ ባንድነት ሲመጡ እንዴት ተተክሎ እንዴት ይቁም ስለሚለው ጉዳይ ነው። «ድንኳን መትከል ደግሞ ምን ንግግር ያስፈልገዋል?» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ሞት ወር አይመርጥም። ጥቅምት እስኪገባ፣ ሰማዩ እስኪጠራ አይጠብቅም። ሐዘንተኛው ሦስት ቀን የሚቀመጠው እኛ በተከልነው ሸራ ሥር ነው፤ ሸራው ከወደቀ የሚወድቀው በእሱ ላይ ነው። ስለዚህ ነገሩ ቀላል አይደለም።

እንደሚታወቀው ይህች ከተማ ራሷ በድንኳን የተጀመረች ናት። ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ በእንጦጦ ተራራ ላይ ከትመው ሳሉ፣ ቦታው 3,000 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው፣ ብርድና ነፋስ የሚበረታበት፣ ማገዶም የራቀው ሆኖ ስለተገኘ ወደ ፍል ውኃ መውረድ ተጀመረ። በ1879 ዓ.ም. ከተማዪቱ አዲስ አበባ ስትባል ሰዉ መጀመሪያ ያረፈው በድንኳን ነበር። እድርም ከጣልያን ወረራ ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) ወዲህ በከተማችን እየተስፋፋ ሲሄድ፣ ከጋራ ንብረቶቹ ዋና ዋናዎቹ ድንኳን፣ ብረት ድስትና አግዳሚ ወንበር ነበሩ። አባቶቻችን የእንጦጦን ነፋስ ሸሽተው ወረዱ፤ እኛ ደግሞ ተመልሰን በተራራው ግርጌ የካ አባዶ ላይ ሰፈርን። ነፋሱም ሳይረሳን እዚሁ ድረስ ይመጣል።

እንግዲህ እዚህ ምን አዲስ ነገር ገጠመን? ብዙዎቻችን የመጣነው ከመሐል ከተማ ከቆዩ ሰፈሮች ነው። እዚያ ድንኳን የሚተከለው በአጥርና በጭቃ ቤት መካከል ነበር። ነፋሱን አጥሩ ይከላከላል፣ ካስማውም በመጥረቢያ ጀርባ ሲመታ መሬት ውስጥ ይገባል። እዚህ ግን ቤታችን ፎቅ፣ ግቢያችን ኮብልስቶን ነው። ነፋሱ በሁለት ሕንፃ መካከል ሲገባ፣ ወንዝ በጠባብ ቦታ እንደሚፈጥነው ይፈጥናል። ካስማ ልምታ ብትል ድንጋዩ አያስገባም። ስለዚህ የድሮው ልምዳችን ግማሹ ይሠራል፣ ግማሹ አይሠራም።

በመጀመሪያ የነፋስንና የዝናብን ጉልበት በቁጥር እንይ። ርዝመቱ 12 ሜትር፣ ወርዱ 8 ሜትር የሆነ ድንኳን ይዘናል እንበል። ነፋስ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ እጥፍ አይደለም የሚሆነው፤ አራት እጥፍ ነው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ፣ ቁመቱ 2 ሜትር የሆነውን የረጅሙን ጎን መጋረጃ በግምት በአንድ ኩንታል ክብደት ያህል ይገፋዋል። 60 ኪሎ ሜትር ሲደርስ አራት ኩንታል ይሆናል። ዝናብ ደግሞ 1 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውኃ አረፈ ማለት ነው። የድንኳናችን ስፋት 96 ካሬ ሜትር ስለሆነ፣ 10 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 960 ሊትር፣ ማለት ወደ አሥር ኩንታል ውኃ በላያችን ያልፋል። ከወረደ ደግ፤ ከተጠራቀመ ግን አሥር ኩንታል በራሳችን ላይ ተሰቀለ ማለት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሐምሌ ወር ከሰፈራችን ራቅ ካለ ቦታ ለቅሶ ደርሰን ያየነውን እንንገራችሁ። የድንኳኑ ጣራ በመሐሉ ረግቦ ውኃ ቋጥሯል። አንድ ደግ ልጅ ሊረዳ ብሎ በእንጨት ጫፍ ከሥር ወደ ላይ ወጋው። ሸራው ተቀደደ፣ ውኃው ባንድ ጊዜ ወደ አንድ ጎን ሄደ፣ በዚያ በኩል ያለው ቋሚ ከክብደቱ የተነሣ ተንሸራተተ። በእግዚአብሔር ቸርነት የሞተ የለም። ነገር ግን ልጃቸውን የቀበሩ እናት ከነፍራሻቸው በውኃ ርሰው፣ በሁለት ሰው ተደግፈው ወደ ደረጃ ሥር ሲገቡ አይተናል። ሐዘን አይበቃቸውም? ይህ በእኛ ሰፈር እንዳይደርስ ነው የምንናገረው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ።

1ኛ፤ ስለ ቦታ። ጎርፍ በሚያልፍበት ዝቅተኛ ቦታ፣ በሁለት ሕንፃ መካከል ባለው የነፋስ መውጫ፣ ከባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ሥርና ከመብራት ሽቦ በታች አይተከልም። ከሕንፃ ጥግ መጠጋት መልካም ነው፤ ግን የጣራው ፍሳሽ በሚወርድበት በኩል እንዳይሆን። ጠባቡ ጎን ወደ ነፋሱ፣ በሩ ደግሞ ነፋሱ ወደማይመጣበት ይዙር። ታዲያ በክረምት ጧት የነፈሰበትን አቅጣጫ ብቻ አትመኑ። ከሰዓት በኋላ ደመናው ሲከብድ፣ ከዝናቡ ቀድሞ ቀዝቃዛ ነፋስ ድንገት ከሌላ በኩል ይመጣል። ስለዚህ አውታሩ በአራቱም ማዕዘን እኩል ይጠንክር።

2ኛ፤ ስለ ቅደም ተከተል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ድንኳኑን አቁሞ ከዚያ ገመድ መፈለግ አይገባም። መጀመሪያ ሸራው መሬት ላይ ይዘርጋ፤ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ያሉት ገመዶች አስቀድመው ይታሰሩ፤ ከዚያ ምሰሶው ይነሣ። ለዚህ መጠን ድንኳን ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ የሚያዝዘው ግን አንድ ሰው ይሁን። አምስት ሰው «ሳብ»፣ አምስት ሰው «ልቀቅ» ሲል ድንኳን አይቆምም። ገና ሳይታሰር ኃይለኛ ነፋስ ከመጣ ምሰሶውን መልሶ ማስተኛት እንጂ መታገል ጀግንነት አይደለም። ገመድም በእጅ ወይም በወገብ ላይ አይጠመጠምም፤ ሸራው ሲነሣ ሰውን ይዞ ይነሣል።

3ኛ፤ ስለ ካስማ። አፈር በተገኘበት ካስማው አናቱ ከድንኳኑ ወደ ውጭ ያዘነበለ ሆኖ ይመታ። ከቋሚው የሚርቀውም ቢያንስ በቋሚው ቁመት ልክ ይሁን። የራሰ ጭቃ አጭር ካስማ አይዝም፤ 60 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ወፍራም ፌሮ ይሻላል። ለማዕዘኖቹ ሁለት ካስማ አንዱን ከሌላው ኋላ መትቶ ማያያዝ ይገባል። በኮብልስቶን ላይ ግን ክብደት ነው የምንጠቀመው። አንድ ማዳበሪያ እስከ ግማሹ አሸዋ ቢሞላ ወደ 50 ኪሎ ይመዝናል፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ ግን 20 ኪሎ ብቻ ነው። እንግዲህ አራት ጀሪካን በአራት ማዕዘን አስሮ «ጨርሰናል» ማለት ራስን ማታለል ነው። ደግሞም ካስማ ይይዛል፣ ክብደት ግን በራሰ ድንጋይ ላይ ይንሸራተታል። ስለዚህ በየማዕዘኑ ሦስት አራት ማዳበሪያ ባንድነት ታስሮ፣ ገመዱ ከታችኛው ላይ ይሰር። ከሕንፃው ኮንክሪት ቋሚ ጋር ማሰር ይቻላል። ከደረጃ መደገፊያ፣ ከውኃ ቧንቧና ከመብራት ምሰሶ ጋር ግን በጭራሽ አይታሰርም።

4ኛ፤ ስለ ገመድ። የቃጫ ገመድ ውኃ ሲጠጣ ያብጥና ያጥራል፤ ጧት ጥብቅ ተደርጎ የታሰረው ማታ ካስማውን ይነቅላል ወይም ሸራውን ይቀዳል። ዝናብ ሲጀምር ጥቂት ላላ ይደረግ። ናይሎን ደግሞ በተቃራኒው ሲርስ ይለጠጣል፤ እሱ ይጠበቅ። ሁለቱን ባንድ ድንኳን ላይ አለመቀላቀል ነው። ሌሊትም ቢሆን በየተራ ገመድ የሚዳስስ አንድ ሰው መኖር አለበት።

5ኛ፤ ስለ ጣራ። የመሐሉ ምሰሶ ከፍ፣ ዳሩ ዝቅ ብሎ ጣራው በደንብ ያዘቅዝቅ። የረገበ ቦታ ካለ ውኃው ባልዲ ሳያክል፣ በሰፊ ነገር፣ ለምሳሌ በጨርቅ በተጠቀለለ መጥረጊያ፣ ቀስ ብሎ ወደ ዳር ይገፋ። ብዙ ከተጠራቀመ ግን መጀመሪያ ሰዉ ይውጣ። ከዚያ በኋላ የዳሩ ቋሚ ዝቅ ተደርጎ ውኃው ይፍሰስ። የሸራ ጣራን በዝናብ ጊዜ ከውስጥ በእጅ መነካካትም አይገባም፤ የተነካው ቦታ ያንጠባጥባል።

6ኛ፤ ስለ እሳት፣ ስለ መብራትና ስለ መብረቅ። ብርድ ነው ብሎ መጋረጃውን ሁሉ ዘግቶ ከሰል ማንደድ ሰው ይገድላል። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ሰው እንቅልፍ የወሰደው መስሎት ይሞታል። የመብራት ሽቦ መሬት ለመሬት አይጎተት፣ መጋጠሚያውም ከውኃ ይራቅ። መብረቅ ሲቀርብ ደግሞ በብረት ምሰሶ ሥር አይቆይም፤ ሐዘንተኛውን ወደ ሕንፃ ማስገባት ነው። እናቶቻችን ንፍሮ የሚቀቅሉበት የላስቲክ ዳስም አይረሳ። ለወንበሩ ድንኳን አሥር ገመድ አስረን ለማብሰያው ሁለት ድንጋይ መጫን ነውር ነው። የፈላ ብረት ድስት ያለው እዚያ ነው።

7ኛ፤ ከተነሣ በኋላ። ርጥብ ሸራ ተጠቅልሎ ግምጃ ቤት ከገባ በሁለት በሦስት ቀን ይሻግታል። ሻጋታ የበላው ሸራ ደግሞ በሚቀጥለው ነፋስ ይቀደዳል። ፀሐይ በወጣበት ሰዓት ተዘርግቶ ሳይደርቅ አይታጠፍ። ገመድና ካስማም ተቆጥሮ ይግባ።

ይህ ሁሉ የዕቃና የእጅ ሥራ ነው። ከዚህ የሚከብደው ግን የሰው ነገር ነው። በድሮው ሰፈር ጡሩንባ ሲነፋ ጎረቤት ሁሉ ይወጣ ነበር። አሁን በስልክ እንጠራራለን፤ ጥሩ ነው፤ መልእክቱ ለሁሉም ይደርሳል። የሚመጣው ግን ማነው? ጡረተኞችና ጥቂት ልጆች። የቀረው አባል «ቅጣቱን እከፍላለሁ» ይላል፤ ይከፍላልም። ሥራ ያለበት ሰው እንዳለ እናውቃለን፤ አንፈርድም። ነገር ግን የቀሪ ቅጣት ገመድ አይዝም። ነፋስ ሲነሣ በማዕዘኑ ላይ የሚያስፈልገው ብር ሳይሆን እጅ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዳሉት፣ አውታርም የሚያስረው ሲያብር ነው። አንዱ ማዕዘን ባዶ ከሆነ ሦስቱ የደከሙት በከንቱ ነው።

ስለዚህ ጉባኤው ሦስት ነገር እንዲወስን በትሕትና እናቀርባለን።

አንደኛ፤ ከጋራ ሕንፃው ነዋሪዎች ማኅበርና ከወረዳው ፈቃድ ተጠይቆ፣ ድንኳን በምንተክልበት ሜዳ ዙሪያ አሥር የብረት ቀለበት በኮንክሪት ይቀበር። መኪናንም ሕፃናትንም እንዳያሰናክል ከኮብልስቶኑ ጋር እኩል ይሁን። ፈቃዱ እስኪገኝ ድረስ አሸዋ የተሞሉ ማዳበሪያዎች በግምጃ ቤት ይዘጋጁ።

ሁለተኛ፤ የድንኳን ተረኞች በየሕንፃው ይመደቡ፤ በእያንዳንዱ ተራ ቢያንስ አራት ጎልማሶች ይኑሩ። በተራው መምጣት የማይችል አባል ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ምትክ ሰው ያቅርብ።

ሦስተኛ፤ በየዓመቱ በግንቦት ወር አንድ እሑድ ድንኳኑ ወጥቶ ይተከል፣ ይመርመር፣ የተቀደደው ይሰፋ፣ ወጣቶቹም ይማሩ። «ሰው ሳይሞት ድንኳን መትከል ሟርት ነው» የሚሉ እናቶች እንዳሉ ሰምተናል። እናከብራቸዋለን። ነገር ግን መቃብር ቆፋሪ ዶማውን የሚስለው ሞት ለመጥራት አይደለም፤ ሲጠራ እንዳያፍር ነው። ደስ ካላቸው የዚያን ዕለት ቡና ያፍሉልንና የምርቃት ድንኳን እናድርገው።

የተከበራችሁ አባላት፤ ነገ ከነገ ወዲያ በዚያ ሸራ ሥር የሚቀመጠው ከእኛው መካከል አንዱ ነው። ያን ጊዜ ዝናቡን ማቆም አንችልም፤ ሞቱንም መመለስ አንችልም። ሐዘንተኛው በደረቅ ቦታ ተቀምጦ እንዲያለቅስ ማድረግ ግን እንችላለን። እድር የተባለውም ለዚህ ነው።