ስለ እግር ኳስ ተጫዋቿ ስለ ሎዛ አበራ

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር



 ልንነግራችሁ ያሰብነው ስለ ነገሥታት ወይም በጥንት ዘመን ስለ ነበሩ ጀግኖች አይደለም፤ በዘመናችን ስላለችና በዚህች በሐዋሳ ከተማ ስለ ተጫወተች አንዲት የእግር ኳስ ተጫዋች ነው። ስሟም ሎዛ አበራ ይባላል። በንግግራችን ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

ሎዛ በ1997 ዓ.ም. በከምባታ፥ በአምበሪቾ ተራራ አጠገብ በምትገኘው በዱራሜ ከተማ ተወለደች። ገና በዐሥራዎቹ ዕድሜ ሳለች ወደ ሐዋሳ መጥታ የሐዋሳ ከተማን የሴቶች ቡድን ማልያ ለበሰች። ያን ጊዜ ዕድሜዋ ዛሬ በዚህ አዳራሽ ውስጥ ከተቀመጡት ታናናሽ እኅቶቻችን ዕድሜ ብዙም የሚበልጥ አልነበረም።

ይህን ያነሣነው ለከተማችን ውዳሴ ለማብዛት አይደለም። ነገሩን ልብ ብሎ ለተመለከተው አንድ ትልቅ ትምህርት ይገኝበታል። ተሰጥዎ ከልጂቱ ጋር አብሮ ተወልዶ ይሆናል፤ ዳሩ ግን ሜዳና ቡድን ከማንም ጋር አብረው አይወለዱም፤ ሰዎች አስበው፥ ገንዘብ መድበውና ሰዓት ወስነው የሚያቆሟቸው ናቸው። በሐዋሳ ሴቶችን የሚያሰልፍ ቡድን ባይኖር ኖሮ ያች ልጅ ወዴት ትሄድ ነበር? ዘር ምንም ቢመርጡት ያለ እርሻ አይበቅልም።

በሠለጠነው ዓለምም ቢሆን ሜዳው ለሴቶች የተከፈተው በቀላሉ አይደለም። በእንግሊዝ አገር የፋብሪካ ሠራተኞች የነበሩ ሴቶች ቡድን አቋቁመው፥ በ1920 ዓ.ም. በሊቨርፑል ከተማ ባደረጉት አንድ ግጥሚያ 53,000 ያህል ተመልካች ተገኝቶ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ግን የአገሩ የእግር ኳስ ማኅበር ጨዋታው ለሴቶች አይገባም ብሎ በአባል ቡድኖቹ ሜዳ ላይ እንዳይጫወቱ ከለከለ፤ ክልከላውም 50 ዓመት ያህል ቆየ። የወንዶች የዓለም ዋንጫ በ1930 ዓ.ም. ሲጀመር የሴቶቹ የተጀመረው በ1991 ዓ.ም. በቻይና ነው። እንግዲህ ሴቶች የዘገዩት እግራቸው ደክሞ ሳይሆን በሩ ተዘግቶባቸው መሆኑን ከዚህ እንረዳለን። በር በተከፈተላቸው ጊዜማ፥ ሉሲዎች የሚባሉት የብሔራዊ ቡድናችን ሴቶች በ2004 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ በተደረገው የአፍሪካ ሴቶች ሻምፒዮና 4ኛ ሆነው ተመልሰዋል።

ወደ ሎዛ እንመለስ። ከሐዋሳ ወደ አዲስ አበባ ሄዳ በደደቢት ቡድን ተሰለፈች፤ በዚያም ከአንድ ጊዜ በላይ የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነች። ለብሔራዊ ቡድናችንም ተሰልፋ ግብ አግብታለች፤ አምበልም ሆናለች። በ2018 ዓ.ም. ወደ ስዊድን ተሻግራ ኩንግስባካ በሚባል ቡድን ገባች፤ ነገር ግን እዚያ ብዙ ሳትቆይ ወደ አገሯ ተመልሳ በአዳማ ከተማ ቡድን ተጫወተች። ከውጭ አገር ቶሎ የተመለሰን ሰው እንደ ወደቀ አድርጎ የሚቈጥር ብዙ ነው። እሷ ግን ልምምዷን አልተወችም። በ2019 ዓ.ም. ወደ ማልታ ሄዳ ለቢርኪርካራ ቡድን ተሰለፈች፤ በዚያው የውድድር ዘመን ቡድኗ የአገሩ ሻምፒዮን ሲሆን እሷም ከሁሉ የበለጠ ግብ ያገባች ተጫዋች ሆነች።

ከማልታ መልስ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክን ቡድን ተቀላቀለች። ይህ ቡድን በ2021 ዓ.ም. በኬንያ በተደረገው የምሥራቅ አፍሪካ ማጣሪያ እስከ ፍጻሜ ደርሶ በቪሂጋ ኩዊንስ 2 ለ 1 ተሸነፈ። በ2024 ዓ.ም. ሎዛ በዋሽንግተን ከተማ ለተቋቋመው ለዲሲ ፓወር ቡድን ፈርማ ከሄደች በኋላ፥ ያው ንግድ ባንክ በአዲስ አበባ በተደረገው ማጣሪያ አሸንፎ ለአፍሪካ የሴቶች ሻምፒዮንስ ሊግ የበቃ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ቡድን ሆነ። ፍሬው በበሰለ ጊዜ ከዘሩት አንዷ በቦታው አልነበረችም፤ እኅቶቿ ግን ነበሩ።

ውድ ወላጆቻችን፤ የምትሠጉበት ነገር ሁሉ ከንቱ ነው አንልም። ተጫዋች ጉልበቷ ሊጐዳ ይችላል፤ የጨዋታ ዘመን አጭር ነው፤ ቡድንም ሊፈርስ ይችላል። ስለዚህ ትምህርቱ ይቅርና ኳሱ ይሁን የሚል ከእኛ መካከል የለም። የምንለው ሌላ ነው። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ወንድም ደብተሩን አስቀምጦ ወደ ሜዳ ይሮጣል፤ እኅት ግን ደብተሯን አስቀምጣ ወደ ማጀት ትገባለች። ጥናቷን የሚሻማባት ኳስ ቢሆን ኖሮ ክርክሩ ከኳስ ጋር በሆነ ነበር። አሁን ግን ለኳስም ለጥናትም ጊዜ የሚያሳጣት የቤቱ ሥራ በእሷ ጫንቃ ላይ ብቻ መውደቁ ነው። ወንድም ውሃ ቢቀዳ፥ ሽንኩርት ቢልጥ፥ ሳሕን ቢያጥብ ክብሩ አይቀንስም።

ስለዚህ በዚህ በዓል ሦስት ነገር እንለምናለን። መጀመሪያ፥ የትምህርት ቤታችን ሜዳ በሳምንት ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ለሴቶች ልጆች ብቻ እንዲወሰን፤ ሁለተኛ፥ ከመምህራን አንዱ ወይም አንዷ አሠልጣኝ ሆነው እንዲመደቡላቸው፤ ሦስተኛ፥ ወላጆች በእነዚያ ሁለት ቀናት ሴት ልጆቻቸውን ከቤት ሥራ እንዲያሳርፉልን ነው። ከእኛ ወንዶች የሆንነው ሁለቱን ቀናት ለመልቀቅ በክፍላችን ስብሰባ ተስማምተናል።

እኛ በዚህ ዓመት ተመርቀን እንሄዳለን፤ ሜዳው ቢወሰን የሚጫወቱበት ከእኛ በኋላ የሚመጡት ናቸው። ከእነርሱ ውስጥ ሌላ ሎዛ ትወጣለች ብለን ቃል አንገባም፤ ያን የሚያውቅ የለም። ብትኖር ግን ወዴት እንደምትሄድ ከወዲሁ ልናዘጋጅላት እንችላለን። እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ ይሁን እንጂ መሄጃ ቦታ ያስፈልገዋል።